ሰምና ክር የለበሰው ሽቦ

በዚህ ዓለም ላይ ከምጠላቸው ንግግሮች አንደኛው «ምንም አይልም» የሚለው ነው። ጣሪያው ሲያፈስ ምንም አይልም፤ የጉድጓዱ ክዳን ሲሰነጠቅ ምንም አይልም፤ ልጅ ሌሊቱን ሲያስል ቢያድር ምንም አይልም። ደባርቅ ውስጥ ጂኦግራፊ ሳስተምር ዕድሜዬ ሄደ፤ ስለ ተራራና ስለ ነፋስ ከተናገርኩት ይልቅ ይህችን ቃል ከሰው አፍ ለማስጣል የተጨቃጨቅሁት ሳይበልጥ አይቀርም። አላስጣልኳትም። ዛሬ የማጫውታችሁ ግን ይህች ቃል አንድ ቀን፣ ያውም ከማልጠብቃቸው ሰው አፍ፣ ወድቃ ያየሁበትን ነው።

ቅዳሜ ነበር፣ የገበያ ቀን። አምፖል ተቃጥሎብኝ ወደ ጠይብ ሱቅ ጎራ አልኩ። ጠይብ ክርና ጨርቅ የሚነግድ የቆየ ወዳጄ ነው። ልጁ ሁዳ ጎንደር ወርዳ የኤሌክትሪክ ሙያ ተምራ ከተመለሰች ወዲህ ደግሞ የሱቁ ግማሽ ሽቦና ሶኬት ሆኗል፤ ሰዉም መብራቱ ሲበላሽበት እሷን መጥራት ለምዷል። መጀመሪያ ላይ «ሴት ልጅ ከመብራት ጋር ምን አላት» የሚል አልጠፋም ነበር። ቤቱ ሲጨልምበት ግን ቀድሞ የሚጠራት እሱው ራሱ ሆነ።

አምፖሉን እያስሞከርኩ ሳለ እማሆይ ወለተ ማርያም ገቡ። እማሆይ ጎረቤቴ ናቸው፤ ግድግዳ እንጋራለን። ባላቸው ከሞቱ በኋላ ቆብ ደፍተው፣ ጧፍ እየሠሩ ለቤተ ክርስቲያን እያቀረቡ የሚኖሩ እናት ናቸው። በደባርቅ የእሳቸውን ያህል ቀጥ ያለ፣ ሲበራም የማያንጠባጥብ ጧፍ የሚሠራ ሰው የለም፤ ይህንንም ያውቃሉ፣ ሌላውም እንዲያውቀው ይፈልጋሉ። በዚያ ሰሞን ልጃቸው ደብረወርቅ የመጀመሪያ ልጇን፣ ወንድ፣ ተገላግላ እሳቸው ቤት አራስ ነበረች።

ጠይብ ከመቀመጫው ብድግ ብሎ ሰላምታ ሰጣቸው፤ ስለ አራሷም ጠየቀ። እማሆይም አመስግነው ክር እንዲቆርጥላቸው ነገሩት። ያለፈው ሳምንት የወሰዱት እንዴት እንዲህ ቶሎ እንዳለቀ ቢጠይቃቸው፣ ሳይጨነቁ፣ ስለ ጎመን እንደሚያወራ ሰው፣ እንዲህ አሉ።

«አይጥ የመብራቱን ገመድ ልጣ መዳቡ ወጥቶ አገኘሁት። ክሩን በሰም ነክሬ ጠመጠምኩበት። አሁን ምንም አይልም።»

ይኸውላችሁ። እኔ ጥርሴን ነከስኩ። ሁዳ በእጇ የያዘችውን ሶኬት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«እማሆይ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ የተላጠው በየት በኩል ነው?»

«ከአራሷ አልጋ በላይ፣ ከራስጌዋ። ምነው ልጄ?»

«በዚያ ገመድ የሚሠራው አምፖሉ ብቻ ነው?»

«አምፖሉም አለ፣ ምድጃውም አለ። የደባርቅን ብርድ ታውቂው የለም ወይ። አራስ በብርድ ትመታልኝ?»

ሁዳ በቀስታ፣ በጨዋ ልጅ አነጋገር፣ አንድ በአንድ ጠየቀቻቸው። ሕፃኑ ከተወለደ ጀምሮ የኤሌክትሪክ ምድጃው ቀንም ሌትም አይጠፋም። አራስ በጨለማ አትተውምና አምፖሉም አይጠፋም። አልጋው የብረት ነው። ቤቱ ውስጥ ደግሞ ለመጪው በዓል የተዘጋጀ የጧፍ ክምር አለ። ልጅቷ ይህን ስትሰማ ፊቷ ተለወጠ፤ ድምጿ ግን አልተለወጠም። አሁኑኑ መጥታ እንድታየው እንዲፈቅዱላት ለመነች።

እማሆይ ሳቁ። ገመዱን በገዛ እጃቸው አጥብቀው እንደጠመጠሙት፣ የእሳቸው ጥምጥም እንደማይላላ፣ ደግሞም በአራስ ቤት መብራት አጥፍቶ መሥራት የማይሆን ነገር መሆኑን ነገሯት። ከዚያ ክርክራቸውን ጀመሩ። እኔም፣ አልዋሽም፣ ክርክር ስሰማ እግሬ ይተከላልና ከመደርደሪያው ጥግ ቆምኩ።

«ልጄ፣ ሰም ውሃ ያስገባል?»

«አያስገባም፣ እማሆይ።»

«መብራቱስ በሽቦ ውስጥ እንደ ውሃ የሚፈስ ነገር ነው ትሉ የለም? ታዲያ ውሃን የከለከለ ሰም መብራትን የማይከለክል ለምንድን ነው?»

ይህን ጊዜ ሁዳ «አላወቁም» ብላ ትጀምራለች ብዬ ፈርቼ ነበር። ብዙ የተማረ ሰው በዚህች ቃል ነው ነገር የሚያበላሸው። እሷ ግን ራሷን ነቀነቀች።

«እውነትዎን ነው። ሰም ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ደረቅ ክርም አያሳልፍም። ያሰቡት የብልህ ሰው ሐሳብ ነው፤ በዚህ አልከራከርዎትም። የምፈራው ሌላ ነው። ሰም ሙቀት አይችልም።»

«የምን ሙቀት? እዚህ አገር ሰም ድንጋይ ነው። እሳት ካላሳየሁት እጄን አይታዘዘኝም።»

«ሙቀቱ የሚመጣው ከአየሩ አይደለም፣ ከሽቦው ከራሱ ነው። ያ ገመድ ሲዘረጋ ለአምፖል ተብሎ የተዘረጋ ቀጭን ገመድ ነው። አሁን ምድጃ ተጫነበት። ለአንድ በቅሎ የሁለት በቅሎ ጭነት ቢጭኑባት ትሄዳለች፤ ግን ላብ በላብ ሆና ነው። ሽቦም ሲከብደው ይግላል። በተለይ አይጥ የነከሰችው ቦታ ላይ፣ መዳቡ ስለሳሳ፣ የበለጠ ይግላል።»

«እኔ ይህን የጠመጠምኩት ዛሬ አይደለም» አሉ እማሆይ፣ ትንሽ ቆጣ ብለው። «የጎረቤቱን ሁሉ ስጠመጥም ኖሬአለሁ። የተቃጠለ ቤት የታለ? ደግሞስ ለቤተ መቅደስ የሚበራ ሰም እኮ ነው። እሱ ያለበትን ቤት እሳት አይደፍረውም።»

ሁዳ ሙስሊም ናትና በሰው ሃይማኖት ገብታ መከራከሩን ጨዋነት ከለከላት። እኔ ግን አፌ መቼ ይታገሣል።

«እማሆይ፣ ሰሙ ለቤተ መቅደስ የተፈለገው እሳት እንዲይዝ አይደለም እንዴ?» አልኩ።

«አንተ ደግሞ መምህር፣ ተራራህን አስተምር» አሉኝ። ጠይብ ሳቁን በጋቢው ሸፈነው።

ሁዳ ግን የጣልኩትን ቃል አነሣችው። «እስቲ ይንገሩኝ፣ እማሆይ፤ ጧፍ ሲሠሩ ምን ያደርጋሉ?»

«ክሩን እደርባለሁ፣ ሰሙን አቀልጣለሁ፣ ክሩን እነክራለሁ፣ እያሻሸሁ አቀናለሁ። ምን አዲስ ነገር አለው?»

«ሽቦው ላይ ያደረጉትስ?»

እማሆይ የተቆረጠላቸውን ክር ጠቀለሉ፣ ፈቱ፣ መልሰው ጠቀለሉ። በመጨረሻ «ይሁን፣ ጧፍ ነው እንበል። ያልተለኮሰ ጧፍ ምን ያደርጋል? ማን ሊለኩሰው?» አሉ።

«ሽቦው» አለች ሁዳ።

አላመኑም። ሥራ እንዳለባቸው፣ አራሷን ብቻዋን ትተው እንደወጡ ተናግረው ነጠላቸውን ሰበሰቡ። እዚህ ላይ ነው የዚህችን ልጅ ብልሃት ያደነቅሁት። ትምህርቷ አልበገራቸውም፤ ስለዚህ በአገሩ ልማድ መጣችባቸው።

«እንግዲያው ገመዱን ይተዉት፣ እማሆይ። አራስ ልጠይቅ እንድመጣ ይፍቀዱልኝ።»

አራስ ጠያቂ አይመለስም። እማሆይ ይህን ጠንቅቀው ያውቃሉ፤ ልጅቷም እንደሚያውቁ ታውቃለች። «ደጃችን መቼ ተዘጋ» ብለው ቀድመው ወጡ። ሁዳ ለሕፃኑ የሚሆን ብርድ ልብስ በአንድ እጇ፣ የመሣሪያ ቦርሳዋን በሌላ እጇ ይዛ ተከተለች። እኔም መንገዴ በዚያው ስለሆነ ተከተልኩ። ባይሆንም እከተል ነበር።

የእማሆይ ቤት ሁልጊዜ የሰም ሽታ አለው። አንድ ሰው ሰም ቢቃጠል እሸታለሁ ብሎ የሚጠብቅ ከሆነ በዚያ ቤት አይሠራለትም፤ አፍንጫ ለምዶታል። መስኮቱ ምች እንዳይገባ ተዘግቶ በጨርቅ ተጋርዷል። አምፖሉ በቀን ይበራል፣ ምድጃው እግርጌ ላይ ቀልቷል። ደብረወርቅ ራሷን ቅቤ ተቀብታ፣ ሻሽ አስራ፣ የብረቱን አልጋ ተደግፋ ሕፃኑን ታጠባለች። ተሳሳምን። ገንፎ ቀረበልንና ቀመስን።

ሁዳ ዓይኗ ከጣሪያው አልወረደም። ገመዱ በወራጁ እንጨት ላይ አልፎ፣ ልክ ከትራሱ በላይ፣ ቢጫ ጥምጥም አድርጎ ይታያል። ከምሥጋናው በኋላ ደብረወርቅን እንዲያው ምንም የተለየ ነገር አይታ እንደሆነ ጠየቀቻት።

«ምንም የለም» አለች ደብረወርቅ። «ይሄ ቅቤ ነው እንጂ ያስቸገረኝ። እየቀለጠ ትራሱን አበላሸው። ይኸው የልጁን መታቀፊያ ሳይቀር ነካብኝ።»

ጨርቁን አሳየችን። ቢጫ ነጠብጣብ አለበት። ሁዳ አየችው፤ እኔም አየሁት። ሁዳም ጨርቁን በሁለት እጇ ይዛ ለእማሆይ ሰጠቻቸው።

እማሆይ ነጠብጣቡን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። ቅቤ ጨርቅ ውስጥ ይሰርጋል፤ ይህ ግን ላዩ ላይ ተቀምጧል። በጥፍራቸው ቢጭሩት እንደ ቅርፊት ተነሣ። በጣቶቻቸው መካከል አሹት፣ ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት። ዕድሜ ልካቸውን ሰም ያሹ ጣቶች ናቸውና የሚሳሳቱ አይደሉም። ቀና ብለው ጥምጥሙን አዩ፤ ዝቅ ብለው የሕፃኑን ራስ፣ ያንን ገና ያልጠና እርግብግቢት፣ አዩ።

«ቅቤ አይደለም» አሉ። «ሰሜ ነው።»

ደብረወርቅ ደንግጣ ሕፃኑን ወደ ደረቷ አስጠጋች። እማሆይ ፈርተዋል፣ ተናደዋልም፤ የተናደዱት በማንም ላይ አልነበረም። ግን ቆመው አላለቀሱም። ወደ ሁዳ ዞረው ባጭሩ ጠየቁ።

«ልጄ፣ አሁን ምን ላድርግ?»

«መጀመሪያ ምድጃውን እናጥፋ። ከዚያ አራሷ ከአልጋው ትውረድና ወደ ወዲያኛው ጥግ ትሂድ። ከዚያ ከቆጣሪው ሥር ያለውን ማጥፊያ እናወርዳለን። ቤቱ ግን ይጨልማል፣ እማሆይ።»

እማሆይ ይህን ጊዜ አመነቱ። አራስ በጨለማ አትተውም፤ ይህ በአገራችን ቀላል ነገር አይደለም፣ እኔም አላሾፍበትም። መስኮቱን መክፈት ደግሞ ምች መጥራት ነው። ሁዳ ልማዱን አልነቀፈችም። «ጧፍ አለዎት የለም ወይ» አለቻቸው። «እዚያ ሽቦው ላይ ያለውን እኔ ላውርደው፤ እርስዎ ደግሞ አንዱን በእጅዎ ይያዙላት። በሰው እጅ ሲሆን አይጎዳም።»

እማሆይ ከክምሩ አንድ ጧፍ መዘው ለኩሰው፣ ከክምሩ ርቀው፣ ከልጃቸው አጠገብ ቆሙ። እኔን ሁዳ ቆጣሪው ዘንድ ደጃፉ ላይ አቆመችኝ። «መምህር፣ ማንም መጥቶ መብራት ጠፋ ብሎ እንዳያበራብኝ፤ የኔ ሕይወት እርስዎ እጅ ነው» አለችኝ። ከተማሪዎቼ አንዱ እንዲህ ቢያዘኝ ኖሮ እቆጣ ነበር፤ ለእሷ ግን እንደ ዘበኛ ተገትሬ ቆምኩ።

ማጥፊያውን አወረደች። አምፖሉ መጥፋቱን ብቻ አላመነችም፤ በመፈተሻ ካቻቢቴዋ ሽቦውን ነካክታ መብራት እንደሌለበት አረጋገጠች። ቆጣሪውንና ከምሰሶ የሚመጣውን መስመር ግን እንደማትነካ፣ ያ የመብራት ኃይል ሰዎች ሥራ እንደሆነ እየሠራች ነገረችን። ከዚያ በርጩማ ላይ ወጥታ ጥምጥሙን ፈታች፤ እማሆይም በነፃ እጃቸው ተቀበሏት። የላይኛው ክር ቢጫ ነው። መካከሉ ቡናማ ነው። ሽቦውን የነካው የመጨረሻው ክር ጠቁሮ፣ ሲነኩት እንደ አመድ ፈረሰ።

 ሕፃኑ ብቻ ነበር ጡት ሲጠባ የሚሰማው።

«ይኸው» አለች ሁዳ በመጨረሻ፣ ያለ ኩራት። «ሽቦው ሊለኩሰው ጀምሮ ነበር።»

እማሆይ እንዴት እንደሚጠገን አንድ በአንድ እንድታስረዳቸው ጠየቋት። ጥያቄያቸው ጧፍ መሥራት እንደሚማር ሰው ጥያቄ ነበር፤ ለምን እዚህ ቆረጥሽ፣ ለምን እንዲህ አጠበቅሽ። ሁዳም እየሠራች አስረዳች። መዳቡ የተነከሰበትና የጠቆረበት ቦታ አይጠቀለልም፤ በፒንሳ ተቆርጦ ይወጣል፣ በምትኩም ደህና ገመድ ይገባል። ሁለቱ ጫፎች የሚገናኙትም በጠመዘዛና በጨርቅ አይደለም፤ በብሎን በሚያጠብቅ ማያያዣ ተይዘው፣ ክዳን ባለው ትንሽ ሣጥን ውስጥ ተዘግተው ግድግዳ ላይ ይመታሉ። ወዲያ ወረድ ብሎ ደግሞ አይጧ ጎማውን ብቻ ጫር አድርጋ መዳቡን ያልነካችበት ቦታ ተገኘ።

«ለዚህ ነው ናስትሮ» ብላ ጥቁሩን የመብራት ማሸጊያ አወጣች። «መጀመሪያ አቧራውንና ሰሙን በደረቅ ጨርቅ እንጠርጋለን፤ ቅባት ካለው አይዝም። ከደህናው ጎማ እንጀምራለን፣ ወደ ቁስሉ እንሄዳለን፣ ወዲያ ማዶ ደህናው ላይ እንጨርሳለን። ወጠር እያደረግን፣ አዲሱ ዙር የበፊቱን ግማሽ እየሸፈነ። ፌስታልም አይሆንም፣ የቁስል ፕላስተርም አይሆንም። ይህ የተሠራው ለዚሁ ነው።»

«እስቲ ስጪኝ» አሉ እማሆይ። ጧፉን ለእኔ ሊያስይዙኝ ሲሉ «መምህር ከቆጣሪው አይነቃነቁም» ብላ ከለከለቻቸውና ደብረወርቅ ያዘችላቸው። እማሆይ በርጩማው ላይ ወጥተው ጠመጠሙ። ሁዳ አይታ ስትጨርስ አንድም የሚታረም አላገኘችበትም። እውነትም የእሳቸው ጥምጥም አይላላም።

ገመዱን በፕላስቲክ ቱቦ ከትታ ከአይጥ ጋረደችው፤ አልጋውንም ከግድግዳው ፈቀቅ አደረግነው። ምድጃውን በዚያ ገመድ ላይ መልሶ መሰካት ግን እምቢ አለች። ከአባቷ ሱቅ ወፍራም ገመድ አስመጥታ፣ ለምድጃው ብቻ የሚሆን መስመር ከማጥፊያው ጀምራ ዘረጋችለት። ማጥፊያውን ወደ ላይ እንድመልስ ስትነግረኝ ቤቱ በራ፤ ምድጃው ቀላ። ሁዳ አዲሱን ገመድ በእጇ ዳበሰችው፣ ለእማሆይም አስዳበሰቻቸው። ቀዝቃዛ ነበር።

ነገሩ በዚህ ያበቃ መስሎኝ ነጠላዬን አስተካከልኩ። እማሆይ ግን ወለሉ ላይ የወደቀውን ክር፣ የጠቆረውን ሳይቀር፣ ለቅመው በመሐረብ ቋጠሩ። ጧፉን አጠፉና በመቀነታቸው ሻጡት።

«የያርጋል ቤት አለ» አሉ። «የነገዱ ቤትም አለ። ከወንዙ ማዶም ጠምጥሜአለሁ። ነይ፣ ቦርሳሽን ያዢ።»

ሁዳ ተጨነቀችላቸው። በትሕትና፣ እሷ ብቻዋን ሄዳ ልትሠራው እንደምትችል፣ ማን እንደጠመጠመውም መነሣት እንደሌለበት ነገረቻቸው። ልጅቷ ስማቸውን ልታድንላቸው ፈልጋ ነው። እማሆይ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እኔ ምንም አይልም ስላቸው አምነውኝ ልጆቻቸውን ከሥሩ አስተኝተዋል። አንቺ ብትነግሪያቸው ‹እማሆይ እኮ ናቸው የሠሩት› ብለው ይመልሱሻል። ከእኔው መስማት አለባቸው።»

ያርጋል ተራራው ላይ ወዳለው ሳንቃ በር ለሚወጡ እንግዶች በቅሎ የሚያከራይ፣ ነገር የማይዋጥለት ሰው ነው። ኮርቻ እየጠገነ አገኘነው። ሁዳ ገና ስለ ገመዱ ስትጀምር እጁን አወናጨፈ። መብራቱ እየሠራ መሆኑን፣ የሚሠራ ነገር እንደማይነካካ፣ ዘንድሮ የተማረ ሁሉ ሰው ማስፈራራት እንደሚወድ ተናገረ። ከዚያ ወደ እማሆይ ዞረ።

«እርስዎ ራስዎ አይደሉም እንዴ፣ እማሆይ፣ ጠምጥመው ምንም አይልም ያሉኝ?»

«እኔው ነኝ» አሉ። መሐረቡን ኮርቻው ላይ ፈቱት፤ የጠቆረው ክር በያርጋል ፊት ተበተነ። «ይኼ ዛሬ ከልጅ ልጄ ራስ በላይ የወረደ ነው። ያልኩህ እኔ ነኝ፤ ተሳስቼአለሁ። ማጥፊያውን አውርድ። የጠመጠምኩትን እኔው ልፍታው።»

ያርጋል ክሩን በጣቱ ነካው፤ ፈረሰበት። ቤት ውስጥ ከተኙት ልጆቹ አንዷ አሳለች። ወስፌውን አስቀምጦ ተነሣ።

ያን ቀን ከቤት ወደ ቤት ስንዞር ዋልን። የማምሻው ሰዓት ሲደርስ እማሆይ ንግግሩን ከሁዳ ተቀብለው ራሳቸው ያስተምሩ ነበር፤ እኔ ክፍል ውስጥ ሠላሳ ጊዜ ብደግመው የማይገባ ነገር በእሳቸው አፍ አንዴ ሲነገር ይገባል። የተላጠ ገመድ አይናቅ፤ ዛሬ ቢጠገን ጥቂት ልፋት ነው፣ ቢቆይ ግን ቤትና ሰው ይወስዳል። ሳታጠፉ አትንኩ፤ የማታውቁትን ለሚያውቅ ስጡ። ከባድ ነገር በቀጭን ገመድ አትሰኩ። ከአልጋ በላይ፣ ከጭድና ከሰም አጠገብ ገመድ አታሳልፉ። ይህን ያደረገ ሰው ተኝቶ ያድራል፤ ብርዱንም ያለ ስጋት ይሞቃል።

ለሕፃኑ ክርስትና ስንጠራ የሰፈሩ ሰው ሁሉ መጣ። ያርጋልም መጣ፤ ጠይብና ሁዳም ተጠርተው መጡ፣ ለእነሱም የሚሆን ማዕድ ለብቻው ተሰናዳ። ያርጋል ወሬ ሲቀጥል፣ ያን ቀን ባልታየው ጓዳው ገመዱ ጥቂት እንደ መላጥ ማለቱን አነሣና፣ ልማድ ሆኖበት፣ «ግን ምንም አይ...» ሲል እማሆይን አያቸው። እማሆይ ሕፃኑን ታቅፈው ዓይን ዓይኑን ነበር የሚያዩት።

«ነገ እናየዋለን» አለ ያርጋል።

«ዛሬ» አሉ እማሆይ። ሕፃኑን ለእናቱ ሰጥተው ነጠላቸውን አነሡ።